አሮጊቷ በአንዴ ተነሳች

የካቲት 21

ወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤ በዚህ ነው የሚጀመረው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ስለዚህ በዚሁ ልጀምር። እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ደህና አይደለችም። አሮጊቷ ትራክተርህ ደህና ናት፤ እንዲያውም ከሁላችን የተሻለች እሷ ናት።

የምጽፍልህ በፊዚክስ ደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ ነው። ከሄድክ ዛሬ አሥረኛ ቀንህ ነው። የሥራ ጫማህ በሩ ላይ እንዳለ ነው። እማዬ ማንም እንዳይነካው ስላለች ወደ ቤት የሚገባ ሁሉ እየዘለለው ይገባል። ብታይ ትስቅ ነበር፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዋንጫ የሚበላ ይመስል ሮጦ መጥቶ ነው የሚዘለው።

ያን ዕለት ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ድምጿን ሰማሁ። አንዴ አጉረመረመችና ተነሳች። ጎበዝ አሮጊት አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ የአጥሩ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ሳሙናው ፊቴ ላይ እንዳለ ደረስኩ። አሮጊቷ ግንባሯን ዛፉ ላይ አስደግፋ በኋላ ጎማዋ አፈሩን እየቆፈረች ነበር። አልጠፋችም፤ ትሠራ ነበር። አንተ ከኋላዋ ነበርክ። ማጥፊያ ገመዷን የሳብኩት እኔ ነኝ።

የምታውቀውን ልንገርህ፤ እኔ ራሴ በቅደም ተከተል እንዳየው። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ በረቱ አጠገብ ተዳፋቱ ላይ ስትቆም ማርሽ ውስጥ ትገባለች፣ ከጎማዋ ሥርም ድንጋይ ይደረጋል። ማርሽ ላይ መሆኗ እንዲታወቅ ቀዩ ጨርቅ መሪዋ ላይ ይታሰራል። ጨርቅ ካለ ማርሽ ላይ ናት፤ ጨርቅ ከሌለ ፎሌ ናት፣ ማርሽ የለባትም። ዓይንህን አትመን፣ ጨርቁን እመን ትለኝ ነበር። የምትነሳው ደግሞ ከመሬት ቆሞ ነው። ቁልፏ የተቃጠለ ጊዜ አሁን ውጭ አገር ያለው አጎታችን ከሞተሩ ጎን፣ ልክ ከኋላ ጎማው ፊት፣ የበር ደወል የሚመስል መጫኛ ገጠመላት። ደወሉ ሲጫን ትነሳለች። ማርሽ ላይ ከሆነች ተነስታ ትሄዳለች።

ያን ዕለት ጨርቅ አልነበረም። በዋዜማው ያቆማት ጥድፊያ ነው። ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፤ ሲበላም ሲስቅም ሲነዳም የሚጣደፍ ሰው ነው ብለህ። አብራችሁ ስድስት ዓመት አርሳችኋል። ሰው ሁሉ ጨርቁን ነፋስ ወሰደው አለ። እኔም አምኜ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጥድፊያ ለቅሶ ቤት እማዬ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። ከሱሪ ኪሱ ጨርቅ አወጣና ዓይኑን ጠረገ። ጨርቁ ቀይ ነው። አንዱ ጥግ ጠቁሯል፤ አንተ ባለፈው ክረምት የጭስ ማውጫዋ ላይ ረስተኸው የተቃጠለው ጥግ። የዘይት መለኪያውን ጠርጎበት፣ ኪሱ ከቶት፣ ማሰሩን ረስቶ ቤቱ ሄዷል ማለት ነው። እማዬ በዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር አላየችም። አይዞህ ልጄ ብላ ጀርባውን ደባበሰችው።

ለማንም አልነገርኩም። ብናገር ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ይገሠጻል፣ ጉልበት ይስማል፣ በዚያው ያልቃል። እኔ እንዲያልቅ አልፈልግም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንተ መናገር ስለማትችል እኔ እቆምልሃለሁ። እስከዚያው ደህና ሁን።

ታናሽህ፣ ብሎን ያልከኝ

የካቲት 24

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንዴት ሰንብተዋል? እኛ እግዜር ይመስገን በሕይወት አለን።

በስልክ መርዶ ሲነገርዎ መስመሩ ሦስት ጊዜ ስለተቆረጠ እማዬ ሁሉንም በደብዳቤ አስረዳው ብላኛለች። ወንድሜ የሞተው የካቲት 11 ጠዋት ነው። አሮጊቷን ከመሬት ቆሞ በደወሉ ሲያስነሳት ማርሽ ላይ ነበረች። መሪዋ ላይ ጨርቅ አልነበረም። በዋዜማው ያቆማት ጥድፊያ ነበር። ወዲያው ነው ያለፈው ብሏል ሐኪሙ፤ እውነት ይሁን ለማጽናናት አላውቅም።

እማዬ ይመጡ እንደሆነ ትጠይቃለች። ደግሞም ትራክተሯ ግማሿ የእርስዎ ስለሆነች ምን እናድርግ ትላለች። የእርሻው ወቅት እየደረሰ ነው፤ የእኛንም የጎረቤቱንም ማሳ የሚያርስ ሌላ ትራክተር እዚህ የለም።

እኔ ትምህርቴን ቀጥያለሁ። ፈጣሪ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ።

የእህትዎ ልጅ ብሎን

መጋቢት 20

ይድረስ ለምወድህ የእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ እንደ ክረምት ዝናብ ሳያቋርጥ ይድረስህ። እህቴን እግሯን ሳምልኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ብዕር አንስቼ ስጥል ነው የከረምኩት። የምኖረው ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለ አንድ ክፍል ነው። የማጠቢያ መኪናዎቹ ቀን ሙሉ ሲሽከረከሩ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ አሮጊቷ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። እንግዲህ በዚህ ላይ ሆኜ ምን ብዬ ልጻፍ?

ታላቅህን ብሎን መፍታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጁ ከእኔ የተሻለ ነበር። ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

አንድ ነገር በጥንቃቄ መርምረህ ጻፍልኝ። ሞተሩ አርጅቶ ነበር አይደል? ጭሱ ሰማያዊ ነበር? ዘይት ትበላ ነበር? አሮጌ ናፍጣ ሞተር ውስጡ ሲበላ የራሱን ዘይት እየጠጣ ድንገት የሚፈነጥዝበት፣ ማንም የማያቆመው ጊዜ አለ። እኔ እዚህ የአውቶቡስ ጋራዥ ስሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛዋም እንዲያ ሆና ይሆናል። ከመሰለህ እንደዚያ ብለህ ጻፍልኝ።

መምጣቱን በተመለከተ አሁን አልችልም፤ ለበጋ አስባለሁ። ማረሱን ጥድፊያ ይያዝ። ሌላ ማን አለን? ልጁ ቸኩሎ ይሆናል እንጂ ክፉ አይደለም። አንተ ዓይንህን ከትምህርትህ አታንሣ።

አጎትህ

ሚያዝያ 2

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እማዬ ሰላም ብላለች፤ እግሯን ስሜያለሁ።

እንዳዘዙኝ መረመርኩ። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ቀትር እሷ ላይ ዋልኩ። በመጀመሪያ ፎሌ ላይ መሆኗን በእጄ አረጋገጥኩ፤ ከእንግዲህ ጨርቅ አላምንም። የናፍጣ ፊልትሮዋን ፈታሁ፤ ውሃም ቆሻሻም የለበትም። የዘይት መለኪያዋ ከላይኛው ምልክት ላይ ነው፤ ከወንድሜ ሞት በፊት እሱ ራሱ በእርሳስ ከጻፈው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ስትነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ታወጣለች፤ ስትሞቅ የሚታይ ጭስ የላትም። ሰማያዊ የሚባል አላየሁም። ሰባት ጊዜ አጥፍቼ ሰባት ጊዜ አስነሳኋት። ሰባቱንም ጊዜ በአንዴ ተነሳች።

የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅኩት። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ብልጭታ አያስፈልገውም፣ አየሩን ጨምቆ ሲያግለው ናፍጣው በራሱ ይነድዳል፤ ስለዚህ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው አለኝ። ከእኔ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ሞተር ይኸውና ያለ ችግር ይሠራል ብሎ ደስ አለው። የማን ትራክተር እንደሆነች አላስታወሰም። እኔም አላስታወስኩትም።

ስለዚህ አጎቴ፣ እንደዚያ ብዬ መጻፍ አልችልም። አልፈነጠዘችም። ሞተሩ ታማኝ ነው። ደወሉ ተጫነ፣ ተነሳች። ማርሽ ላይ ነበረች፣ ሄደች። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።

ጥድፊያ እንዳሉት ሥራውን ይዟል። ጠዋት ጠዋት እማዬ ቁርስ ትሰጠዋለች። በወንድሜ ሳህን ነው የምትሰጠው። እሱም ይበላል።

ብሎን

ግንቦት 1

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ጉንፋን ብቻ። ስለ መዘግየቴ አትቀየመኝ፤ ጋራዡ ውስጥ ሥራ በዝቶ ነው። እዚህ ያሉት አውቶቡሶች ኮምፒውተር ካልፈቀደላቸው አይነሱም። አንድ በር በደንብ ካልተዘጋ ሃያ ቶን ብረት እንደ ሙሽራ አኩርፎ ይቆማል። ድሮ እስቅባቸው ነበር።

ለጽሑፍህ አመሰግናለሁ። ግን አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ሞተር በአንድ ቅዳሜ አይታወቅም። አሮጌ ነገር አሮጌ ነው። ጧት ደህና ሆኖ ማታ ይከዳል። እዚህ ለቅሶ ሊደርሱኝ ለመጡት የሥራ ባልደረቦቼ ሞተሩ ከድቶት ነው ብያቸዋለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? አንተም ሰው ቢጠይቅህ እንደዚያው በል።

እርሻው ካለቀ በኋላ አሮጊቷን ቁራጭ ብረት ለሚገዛው ስጧት። ቆራርጦ ይውሰዳት። ግማሽ ድርሻዬን ለእናትህ ትቻለሁ። ዓይኔ አያያትም፣ ዓይናችሁም ባያያት ይሻላል።

ሌላው፣ ለታላቅህ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ካሉ አቃጥላቸው። እናትህ ካገኘቻቸው ስታለቅስ ትውላለች። አንተም አታንብባቸው፤ የድሮ ወሬ ነው።

አጎትህ

ግንቦት 13

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታ ይድረስዎ። ጉንፋንዎ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አቃጥል ባይሉኝ ኖሮ መሣሪያ ሳጥኑን አልከፍትም ነበር። ደብዳቤዎቹ ከታች ነበሩ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልለው። ወንድሜ ለእርስዎ ከመጻፉ በፊት በፊልትሮ ካርቶን ጀርባ ላይ ይለማመድ እንደነበር አያውቁም። እጁ ለብዕር ከባድ ስለነበር ነው። ሦስት ካርቶን አገኘሁ። ሦስተኛውን ልገልብጥልዎ፤

«አጎቴ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የማስቸግርዎት። ቁልፏንና ካምቢዮዋ፣ ማርሽ ሳጥኗ ላይ የምትገባዋን ትንሽ ከልካይ ማብሪያ አደራ። ከልካይዋ ካለች ማርሽ ላይ ሆና አትነሳም። እዚህ ፈልጌ አጣሁ። ጨርቅ እያሰርን ነው፤ ጨርቅ ግን በሰው ልብ የሚታሰር ነገር ነው። ደወሉን አልወደውም።»

የእርስዎም መልስ አለ። ዕቃው ተገዝቷል፣ ራሴ ይዤ እመጣለሁ ይላል። ቀኑ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

አላቃጠልኳቸውም። በተራቸው ደርድሬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ስለ ጥድፊያ ግን አያስቡ። አሮጊቷንም ለቁራጭ ብረት አንሰጥም፤ ገና አንድ ሥራ ይቀራታል። ቀዩ ጨርቅ ኪሱ ውስጥ እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱ ማወቄን አያውቅም። ወንድሜን የጨረሰው ነገር እሱንም በዚያው መንገድ ይጨርሰዋል። ታማኝ ሞተር እንደሆነ ጽፌልዎት የለ?

ብሎን

ግንቦት 20

ወንድምዓለም፤

እንዴት ነህ? ቃሌን የረሳሁ እንዳይመስልህ። ትምህርት ቤት ሰው ዝም አልክ ይለኛል፤ በሐዘን ይመስላቸዋል።

ጥድፊያን ከመስኮቴ ሦስት ሳምንት አጠናሁት። ጠዋት ይመጣል። መሪውን ቀና ብሎ ያያል። ጨርቅ ካለ ወጥቶ ማርሹን ወደ ፎሌ ያወጣል፤ ከሌለ ምሳ ዕቃውን ወንበሩ ሥር ያስቀምጥና ወርዶ ደወሉን ይጫናል። ከእማዬ አዲስ ቀይ ጨርቅ ተቀብሏል፤ የአሮጌ መጋረጃችን ቁራጭ። አሮጌው የት ሄደ ብላ እንኳን አልጠየቀችውም። እማዬ ሲመሽ የምሳ ዕቃውን ታጥብለታለች።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ አሮጊቷን ደልዳላው ላይ አቁሞ ሄዶ ነበር። ፎሌ ላይ ናት፤ ጨርቅ የለም። ወጣሁ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ሦስተኛ ማርሽ አስገባኋት።   ጨርቁን አላሰርኩም።

እማዬ ነገ ጠዋት አክስታችን ዘንድ ትሄዳለች። ቤት የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ። የምሰማውም የማየውም እኔ ነኝ፤ ያኔም እኔ ነበርኩ። ነገ እጽፍልሃለሁ።

ብሎን

ግንቦት 30

ልጄ፤

ሰላምታ የምጽፍበት ጊዜ የለኝም። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ሌሊቱን ስልክ ስሞክር አደርኩ፤ አይነሳም። ይህ ወረቀት ባንተ እጅ ሲገባ ምን ሆኖ እንደሚጠብቀው አላውቅም። ዛሬ ወደዚያ ለሚበር ሰው ከአንድ ትንሽ ጥቅል ጋር ሰጥቼዋለሁ።

ጥድፊያን አትንካው። አንድ ነገር ካሰብክ ተወው። ከጀመርክም ሮጠህ አፍርሰው። ሰው ከፈለግህ እኔን ፈልግ።

ከልካይዋ ተበላሽታ አልነበረም። ይህን ለታላቅህ አልነገርኩትም፣ ለእናትህም፣ ለንስሐ አባትም። ያን ጊዜ በአጨዳው ማግሥት እኔ ለጉዞ ተነስቼ ነበር። አሮጊቷ እንቢ አለች። ቁልፏ ተቃጥሏል፣ የከልካይዋ ሽቦ ላልቷል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ፍታ፣ አጥብቅ፣ ግጠም። እኔ ግን ሻንጣዬ በር ላይ ነበር። ሽቦዎቹን በጥሼ ከልካይዋን ነቅዬ ጣልኳት። ከሱቅ የቤት ደወል ገዛሁና ከማስነሻ ሞተሪኖው ጋር በቀጥታ አገናኘሁት። ሕፃን እንኳን ሊያስነሳት ይችላል ብዬ ፎከርኩ። ታላቅህ ደወሉን አየና ከጎማው ፊት ነው እኮ አለኝ። እኔም ዓይንህ የት ሄዶ አልኩት። ሰው ሳቀ።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ዕቃውን ሲጠይቀኝ በሳምንቱ ገዛሁት። ይዤው ልግባ፣ ራሴ ልግጠመው፣ ያበላሸሁትን ሰው ሳያውቅ በእጄ ላስተካክል ብዬ ነው። ዘንድሮ ስል ለከርሞ፣ ለከርሞ ስል ለበጋ። ጥድፊያ ረሳ። እኔ ግን አልረሳሁም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ካልሲ ለማውጣት መሳቢያዬን በከፈትኩ ቁጥር አያቸው ነበር።

ሞተሩ ከድቶት ነው ብለህ ጻፍልኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። አንተ እምቢ አልክ። ደህና አደረግህ።

በጥቅሉ ውስጥ ቁልፉና ከልካይዋ አሉ። ትችላለህ፤ ግጠማቸው። እኔ ላይ የፈለግከውን አድርግ፤ መልስህን ግን አትከልክለኝ። ልጁ ቆሞ ይሄዳል በለኝ። እሱን ብቻ ጻፍልኝ።

አጎትህ

ሰኔ 16

ወንድምዓለም፤

ነገ እጽፍልሃለሁ ብዬ ነበር፤ ሳልጽፍልህ ወር ሊሞላ ነው። የሆነውን ሳልሸሽግ ልንገርህ። ለአንተ ከዋሸሁ የምነግረው ሰው የለኝም።

ያን ጠዋት ጥድፊያ በሰዓቱ መጣ። እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ፤ ፊቴን እንኳን አልታጠብኩም። መሪውን አየ። ጨርቅ የለም። ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ወንበሩ ተንጠራራ። አሁን ወርዶ ደወሉን ይጫናል ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አፌን አልከፈትኩም። እስከ ሰባት ድረስ ቆጠርኩ፤ ስምንትም ይሁን ዘጠኝ ብትቆጥር ኖሮ ትጮህ ነበር ወይ ብትለኝ፣ አልጮህም ነበር።

እሱ ግን እንደተንጠራራ ቀረ። ከመስኮቴ የኋላ ጎማው መከለያ ስለሚጋርደኝ እጁ የት እንደሚገባ አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ ምሳ ዕቃውን ሲያስቀምጥ በሌላው እጁ ማርሹን ይነካል። በየጠዋቱ፣ ጨርቅ ኖረም አልኖረም። አንተ ከሞትክ ወዲህ አንድም ቀን ሳይነካ ደወሉን ተጭኖ አያውቅም። ቀና አለና በቀጥታ ወደ መስኮቴ ተመለከተ።

ወጣሁ። ሮጬ አይደለም። ሁለታችንም አሮጊቷ አጠገብ ቆምን። አልተቆጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ የማይጣደፍ ሆኖ አየሁት።

«ሦስተኛ ማርሽ» አለ። «እኔም ያን ቀን የተውኳት ሦስተኛ ላይ ነበር።»



ከኪሱ ጨርቁን አወጣ። ያን ጥጉ የተቃጠለውን። በየቀኑ በኪሱ ይዞት ይመጣና ይሄድ ነበር። እጄ ላይ አኖረው።

«አንተ ከእኔ ትብሳለህ» አለኝ። «እኔ ረስቼ ነው።»

ከዚያ ምሳ ዕቃውን አነሳና ሄደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ለእናትህ አልነግራትም አለ፤ ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ታች ሰፈር የወፍጮ ቤት ሞተር ላይ ሥራ ይዟል አሉ። እማዬ ምን አስቀየምነው እያለች ስትጠይቅ ትውላለች። ሳህንህን አጥባ ሰቅላዋለች። ሰው እንዴት ምክንያቱን ሳይናገር ይቀራል ትላለች፤ እኔ ከእሷ ጋር ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጥድፊያ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። መልሼ የምመታው ምክንያት እንኳን አልሰጠኝም።

ከዚያ ጠዋት በአሥረኛው ቀን የአጎታችን ጥቅል መጣ። ደብዳቤውን አነበብኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ካርቶኖችህ ላይ ደረብኩት፤ አሁን ተራው ሞልቷል። ከልካይዋን ብታያት። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። የምትጠልቅበት ቀዳዳ ካምቢዮው ላይ በብሎን ተደፍኖ፣ ብሎኑ በቅባት ተሸፍኖ ቆይቷል። አጎታችን ከሄደ ወዲህ ስትጠርጋት ኖረህ በየቀኑ በጨርቅ ታልፍበት ነበር። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ሽቦዎቹን አንተ እንዳሳየኸኝ ገፍፌ ጠምዝዤ ጠቀለልኩ። ደወሉን ነቀልኩት። ሲነቀል ከኋላው የአጎታችን የጥርስ ምልክት ያለበት ጥቁር ፕላስተር ነበር፤ ቸኩሎ በጥርሱ የቆረጠው ነው።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። እማዬ ተኝታለች። ማንም አላየኝም፣ ማንም አልረዳኝም። አሮጊቷ ደልዳላው ላይ ቆማለች፤ በረቱ በር ላይ ጤዛ ነበር። ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰፋኝ። ጎማውን ዞሬ አየሁ፣ ድንጋዩን አየሁ። ማርሹን ሦስተኛ ላይ አስገባሁ። ቁልፉን አዞርኩ።

ዝም አለች።

ፍሪሲዮኑን ሳልነካ እንደገና አዞርኩ። ዝም። ቲክ እንኳን አላለችም። አሥራ አንድ ጊዜ አዞርኩ፣ ወንድምዓለም። አሥራ አንዱንም ጊዜ እንቢ አለች። በአንዱም አልሄደችም። በየአንዳንዱ ዝምታ ውስጥ አንተ ከጎማው ፊት ቆመህ ነበር፤ ደወሉን ትጫናለህ፣ ምንም አይሆንም፣ ትሳደባለህ፣ ጭንቅላትህን ታካለህ፣ ወጥተህ ማርሹን ታያለህ፣ ጥድፊያን ስትጠራው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አሥራ አንድ ጊዜ።

ከዚያ ፎሌ አደረግኳትና አዞርኩ። በአንዴ ተነሳች።

እየሠራች ትቻት ወረድኩ። ደወሉን ከነሽቦው፣ ከነጥርስ ምልክቱ በፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ደብዳቤ አልጨመርኩም። ልጁ ቆሞ ይሄዳል አላልኩትም፤ እንደ አንተ ሁለት ዓመት ይጠብቅ። በላዩ ላይ አድራሻውን በጥሩ ጽሕፈቴ ጻፍኩ፤ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ያለው ክፍል። መሳቢያው ባዶ ሆኗል፤ የሚያስቀምጠው ነገር ይኑረው።

ቀዩን ጨርቅ መሪው ላይ አላሰርኩትም። አሁን አያስፈልጋትም። ፖስታውን ደረቴ ኪስ፣ ጨርቁን ሱሪዬ ኪስ ከትቼ ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር አነሳሁ። ከታችኛው ማሳ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር ጠማማ ወጣ። ሁለተኛውን አስተካከልኩት። ፀሐይ ወጥታ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰማሁ፤ አልሄድኩም። አሥራ አራት መስመር አርሼ፣ በአሥራ አራቱም መጨረሻ ማርሹን ነክቼ ወረድኩ።